ሁለት አገሮች፣ አንድ ወለድ

(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በኢኮኖሚክስ ክበብ አባላት ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ዕዳ ልንናገር መነሣታችን ሳያስገርማችሁ አይቀርም። በሠርግ ቤት ዕዳ የሚያነሣ እንግዳ ምን ዓይነት ሰው ነው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ይህን ርእስ ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። በ2007 ዓ.ም. በመስከረም ወር እኛ ደብተራችንን ይዘን አንደኛ ክፍል ስንገባ፣ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር መንግሥታችን 1 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ቦንድ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ገበያ አቅርቦ ሸጠ። ዋናው ገንዘብ የሚመለስበት ቀን በዐሥረኛው ዓመት፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. እንዲሆን ተወሰነ። ቀኑ ሲደርስ እኛ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ደርሰን ነበር። እንግዲህ ይህ ቦንድ ከእኛ ጋር ፊደል ቆጥሮ ከእኛ ጋር ያደገ የክፍል ጓደኛችን ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። እኛ በየዓመቱ ፈተናችንን እያለፍን እዚህ ደረስን። እርሱ ግን በመጨረሻው ክፍል ወደቀ። ለምን እንደ ወደቀ ለማወቅ ስንመረምር፣ ከእርሱ ጋር አንድ ዓይነት ወለድ የነበረውን የሌላ አገር ቦንድ አገኘን። የዛሬው ንግግራችን ስለ ሁለቱ ነው።

በመጀመሪያ ቦንድ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንግለጽ። ቦንድ የብድር ወረቀት ነው። አንድ ሰው ከጎረቤቱ ሲበደር አበዳሪውን ያውቀዋል፤ ቢቸግረው ሽማግሌ ልኮ «ጥቂት ታገሠኝ» ይላል። ቦንድ የሸጠ አገር ግን አበዳሪው ማን እንደ ሆነ ሁልጊዜ አያውቅም። ወረቀቱ ዛሬ በለንደን ባንክ እጅ ቢሆን፣ ነገ በኒው ዮርክ የጡረታ ገንዘብ በሚያስተዳድር ድርጅት እጅ ሊገኝ ይችላል። በየስድስት ወሩ ወለዱን፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ዋናውን ለያዘው ሁሉ መክፈል ነው። ሽማግሌ ለመላክ ቢያስፈልግ እንኳ የሚላክበት ቤት አንድ አይደለም።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። «በውጭ አገር የተያዘ ዕዳ» ሲባል የሚታየው ያዡ የሚኖርበት አገር ነው እንጂ ዜግነቱ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ለታላቁ የኅዳሴ ግድብ ቦንድ መሸጥ ሲጀመር በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ገዝተዋል። ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በሂሳብ ሕግ ስንሄድ፣ በዋሽንግተን የሚኖር የደሴ ልጅ የገዛው የግድብ ቦንድ በውጭ የተያዘ ዕዳ ይባላል፤ ደሴ ተቀምጦ የሚሠራ የውጭ ዜጋ የያዘው ግን የአገር ውስጥ ዕዳ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው የሁለት አገሮችን ዕዳ ለማመዛዘን ቢነሣ ገና በመጀመሪያው መስመር ይሳሳታል።

ለመሆኑ የውጭ ብድር ለወሎ አዲስ ነገር ነውን? አይደለም። ከዚህ ከደሴ በስተ ሰሜን በአምባሰል ምድር ውጫሌ አለ። የውጫሌ ውል በይስማ ንጉሥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. መፈረሙን ሁላችንም በታሪክ ትምህርት ተምረናል፤ ስለ 17ኛው አንቀጽም ብዙ ጊዜ ተከራክረናል። ነገር ግን በዚያው ዓመተ ምሕረት መለወጫ፣ በ1882 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ራስ መኰንን ኢጣልያ ሳሉ ለውሉ ተጨማሪ ስምምነት መፈረሙን ብዙዎቻችን አናስተውልም። በዚያ ስምምነት ኢትዮጵያ 4 ሚሊዮን ሊሬ ተበደረች፤ መያዣውም የሐረር ጉምሩክ ገቢ ሆነ። አንድ አገር የጉምሩክ ገቢውን መያዣ አድርጎ ሲሰጥ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ለሌላ እንደ ማሳየት ነው። ዐፄ ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. ማፍረሳቸውን ስናስታውስ፣ ከባዕድ ገንዘብ ጋር ታስሮ የሚመጣውን ነገር አባቶቻችን ጠንቅቀው ያውቁ እንደ ነበር እንገነዘባለን። ከዚያም በኋላ በ1942 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ አገራችን ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ ተበድራለች፤ ከአፍሪካ አገሮችም ከዓለም ባንክ በመበደር የመጀመሪያዋ ነበረች። እንግዲህ መበደር በራሱ ነውር አይደለም። ቁም ነገሩ ለምን፣ እንዴትና እስከ መቼ የሚለው ነው።

አሁን ወደ ማመዛዘኑ እንግባ። ከኢትዮጵያ ጋር ያስተያየናት አገር ሩዋንዳ ናት። ሩዋንዳ 26 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ትንሽ አገር ናት። ኢትዮጵያ በስፋትና በሕዝብ ብዛት ትልቅ ብትሆንም፣ በዓለም የቦንድ ገበያ ዘንድ ሁለቱም ትንንሽ ደንበኞች ናቸው። ሁለቱም የባሕር በር የላቸውም፤ ሁለቱም ቡና ይሸጣሉ፤ ሁለቱም በአንድ ዘመን ወደዚያ ገበያ ወጡ። ሩዋንዳ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. 400 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች። ኢትዮጵያ ከአንድ ዓመት ከስምንት ወር በኋላ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። የሁለቱም የመክፈያ ዘመን 10 ዓመት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ወለዱ ነው፤ የሩዋንዳም የኢትዮጵያም በመቶ 6.625 ነበር። እንደ መንትዮች የሚመሳሰሉ ሁለት ቦንዶች ማለት ነው።

በክበባችን ውስጥ ክርክር የተነሣው ከዚህ ላይ ነው። «ማን የበለጠ ሸክም ተሸከመ?» ተባለ። ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን «ኢትዮጵያ ናታ! 1 ቢሊዮን ከ400 ሚሊዮን ይበልጣል» አልን። አንዲት እኅታችን ግን ጠመኔ አንሥታ በሰሌዳው ላይ አካፈለችው። የሩዋንዳ ሕዝብ በ2004 ዓ.ም. ቆጠራ 10.5 ሚሊዮን ነበር። 400 ሚሊዮን ለ10.5 ሚሊዮን ሲካፈል ለአንድ ሰው 38 ዶላር ይደርሳል። የኢትዮጵያ ግን ለአንድ ሰው 10 ዶላር ገደማ ነው። ከዚያም ወደ ውጭ ከሚሸጠው ዕቃ ጋር አመዛዘነችው። የኢትዮጵያ ቦንድ በዓመት ወደ ውጭ ከምትሸጠው ዕቃ አንድ ሦስተኛ ያህል ሲሆን፣ የሩዋንዳው ከግማሽ በላይ ሆነ። በሁለቱም መለኪያ ሸክሙ የከበደው በሩዋንዳ ላይ ነው።

ታዲያ መጨረሻው እንዴት ሆነ? ሩዋንዳ የመጨረሻው ቀን እስኪደርስ አልጠበቀችም። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀረው፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በመቶ 5.5 ወለድ 620 ሚሊዮን ዶላር አዲስ ቦንድ ሸጠች፤ ከዚያም ገንዘብ ከፍላ የአሮጌውን ቦንድ አብዛኛውን ከያዦቹ መልሳ ገዛች። የቀረውንም በጊዜው ከፈለች። ኢትዮጵያ ከሰኔ 2007 ዓ.ም. ጀምሮ በየስድስት ወሩ 33 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወለድ 17 ጊዜ ከፈለች። ይህ ሲደመር ከ560 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል። ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. መከፈል የነበረበት ወለድ ግን ሳይከፈል ቀረ፤ የ14 ቀን የእፎይታ ጊዜውም አለፈ። የገንዘብ ሚኒስቴር ይህ የሆነው ገንዘቡ ጠፍቶ ሳይሆን አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት ሲባል ነው ሲል አስታወቀ። ዋናው 1 ቢሊዮን ዶላርም ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. አልተከፈለም። ከቦንዱ ያዦች ጋር የተደረገው ድርድር እስከ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ ስምምነት ላይ ሳይደርስ ቆየ።

ቀላሉን የተሸከመ ወድቆ ከባዱን የተሸከመ እንዴት ቆመ? ይህን ለመረዳት ሦስት ነገሮችን መመልከት ያስፈልጋል።

አንደኛው፣ ቦንዱ ብቻውን አልነበረም። ኢትዮጵያ ለመንገድ፣ ለባቡር፣ ለስኳር ፋብሪካና ለኤሌክትሪክ ከብዙ አበዳሪዎች ተበድራ ስለ ነበር ጠቅላላው የውጭ ዕዳ 28 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። ቦንዱ ከዚያ ውስጥ ከሃያ እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በአህያ ጀርባ ላይ የመጨረሻዋን ቁና አይቶ «ይህችን ነው ያልቻለችው» ማለት ትክክል አይደለም፤ ከሥር ያለውን ጭነት ማየት ይገባል። የሩዋንዳ ሌላው ዕዳ ግን አብዛኛው እንደ ዓለም ባንክ ካሉ ድርጅቶች በዝቅተኛ ወለድና በረጅም ጊዜ የተገኘ ነበር።

ሁለተኛው፣ ዕዳው በዶላር ነው፤ ዶላር የሚገኘውም ወደ ውጭ በመሸጥ ነው። ገንዘቡ የታሰበው ለስኳር፣ ለኤሌክትሪክ መሥመርና ለኢንዱስትሪ ፓርኮች ነበር። ሐሳቡ እነዚህ ዶላር ያመጣሉ የሚል ነበር። ነገር ግን የአገራችን የውጭ ሽያጭ በ2007 ዓ.ም. 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመታት ከዚያ በታች ወረደ። ዕዳው ሲጨምር ገቢው ቆመ ማለት ነው። ብሩም ረከሰ። ወላጆቻችን ይህን በቀላሉ እንዲረዱልን አንድ ሂሳብ እናሳይ። ቦንዱ በተሸጠበት ወር 1 ዶላር 20 ብር ገደማ ነበር፤ የአንድ ጊዜው ወለድ ወደ ብር ሲመነዘር 660 ሚሊዮን ብር ያህል ይሆናል። ክፍያው በቀረበት ወር 1 ዶላር 56 ብር ገደማ ደርሶ ነበር፤ ያው ወለድ ከ1.8 ቢሊዮን ብር በላይ ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ በ120 ብር ቢሰላ ያው ወለድ ወደ 4 ቢሊዮን ብር ይጠጋል። ወለዱ በዶላር አንዲት ሣንቲም አልጨመረም። የጨመረው በእኛ ብር ነው።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። በደሴ ሰኞ ገበያ አንድ ነጋዴ፣ በኮምቦልቻም አንድ ነጋዴ አለ እንበል። ሁለቱም በአንድ ዓመት በአንድ ወለድ ተበደሩ። የደሴው ገበያው ደህና ሳለ፣ ሰዎችም ገና ሲያምኑት፣ አስቀድሞ በርካሽ ተበድሮ የድሮውን ዘጋ። የኮምቦልቻው ግን ይህን ሊያደርግ በሚገባው ወራት ቤቱ በእሳት ተያያዘ። እሳት ለያዘው ሰው ማን ያበድራል? ሩዋንዳ አዲሱን ቦንድ የሸጠችው የዓለም ወለድ እጅግ ዝቅ ባለበት ወቅት ነው። በዚያው ጊዜ በአገራችን በኮሮና በሽታ ላይ ጦርነት ተጨምሮ ነበር። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ከቻድና ከዛምቢያ ጋር የቡድን 20 አገሮች ባዘጋጁት የዕዳ ማሸጋሸጊያ ሥርዓት ለመጠቀም ስትጠይቅ፣ የቦንዷ ዋጋ በገበያ ወደቀ። ከ2014 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ከፍ ማድረግ ጀመረ፤ የገበያው በርም ለብዙ የአፍሪካ አገሮች ተዘጋ።

እዚህ ላይ ለወደፊቱ የክበቡ አባላት አንድ ምክር እንተው። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ፣ የየትኛው አገር ሰዎች የየትኛውን አገር ቦንድና አክሲዮን እንደያዙ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያወጣል። ሁለት አገሮችን በዘመናት ለማመዛዘን እጅግ ይጠቅማል። ነገር ግን ቁጥሩ የሚጻፈው ወረቀቱ በገበያ ባለው ዋጋ ነው። የኢትዮጵያ ቦንድ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ ለአንድ ዶላር ከ70 ሣንቲም በታች ይሸጥ ነበር። በሠንጠረዡ ላይ የሚያየው ሰው «ኢትዮጵያ ዕዳዋን ቀነሰች» ሊል ይችላል። የቀነሰው ግን አበዳሪዎች በእኛ ላይ የነበራቸው እምነት ነው፤ ዕዳውማ እንዳለ ነው። እኛም በመጀመሪያ በዚህ ተሳስተን፣ የኢኮኖሚክስ መምህራችን ወረቀታችንን በቀይ ቀለም አርመው መልሰውልናል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ክረምት ተመረቀ። ያን ጊዜ ሦስተኛ ክፍልን ጨርሰን ዕረፍት ላይ ነበርን። የብዙዎቻችን እኅቶች ከደሴ፣ ከሐርቡ፣ ከቃሉ ገጠሮች እየወረዱ በዚያ ሥራ ያዙ። ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ እኅት በአንድ የልብስ ፋብሪካ ስትሠራ ከምታገኘው ላይ ለወንድሟ ደብተርና ጫማ ትገዛ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሳለን፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ፓርኩ ተጎዳ፤ ትምህርት ቤቶች ተጎዱ፤ ብዙዎቻችንም ከወላጆቻችን ጋር ተሰደድን። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር መጨረሻ አገራችን በአሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ ከሚሸጡት አገሮች ዝርዝር ወጣች። የጓደኛችን እኅት ሥራዋን ያጣችው ያን ጊዜ ነው። ዛሬ በቤቷ በር ላይ ሻይ ትሸጣለች፤ ወንድሟም እዚህ ከእኛ ጋር ተቀምጧል። ሐዲዱንም እንዲሁ ሁላችን እናውቀዋለን። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው የባቡር መንገድ አንድ የቱርክ ኩባንያ በውጭ ባንኮች ብድር የሠራው ነው። ሐዲዱን አይተናል፤ ባቡሩን ግን ልጅነታችንን ሙሉ ስንጠብቅ ኖርን። ሐዲድ ተዘርግቶ ባቡር ካልሄደበት፣ ወለዱ ብቻ ነው የሚሄድበት።

ነገር ግን ለሩዋንዳ ብቻ ማጨብጨብም ትክክል አይሆንም። ሩዋንዳ አሮጌውን ቦንድ የዘጋችው በአዲስ ቦንድ ነው፤ 400 ሚሊዮኑ 620 ሚሊዮን ሆኗል፤ የመክፈያው ቀንም እ.ኤ.አ. በ2031 ይመጣል። የሩዋንዳ ተማሪዎችም በበኩላቸው ይህን ቀን እየቆጠሩ ሊያድጉ ነው። በዕዳ ዕዳን መክፈል ጊዜ መግዛት ነው እንጂ ነጻ መውጣት አይደለም። ነገር ግን ጊዜ መግዛትም ትልቅ ጥበብ ነው፤ የተገዛው ጊዜ ለሥራ ከዋለ ብቻ።

ከዚህ ሁሉ ምን ተማርን? አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላሉ። አገራችን ግን ሳይቸግራት አልተበደረችም፤ መንገድም፣ መብራትም፣ ፋብሪካም የቸገራት አገር ናት። ስለዚህ ብድርን እንደ ኀጢአት አንቆጥረውም። የተማርነው ሌላ ነው። በዶላር የተበደረ ዶላር የሚያመጣ ሥራ ላይ ያውል። ዋናው በአንድ ቀን የሚጠየቅ ከሆነ፣ የዚያን ቀን ስንቅ ከብዙ ዓመት በፊት ይቋጥር። ሲያምኑት ይዘጋጅ እንጂ እምነት ከጠፋ በኋላ ደጅ አይጥና። ከሁሉ በላይ ሰላም ይጠብቅ፤ ምክንያቱም የቦንድ ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወድቀው በገበያ አይደለም፤ በጥይት ድምፅ ነው።

ውድ ወላጆቻችን፤ ይህን ዕዳ የተበደራችሁት እናንተ አይደላችሁም፤ እኛም አይደለንም። ነገር ግን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ ሂሳብ አያስፈልግም። እዚህ የተቀመጥነው ነን። ዛሬ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነን፤ ነገ ግብር ከፋዮች ነን። ከመካከላችን አንዳንዱ በገንዘብ ሚኒስቴር፣ አንዳንዱ በባንክ፣ አንዳንዱም በኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራ ይሆናል። የትም ብንሆን፣ አንድ ቀን ስለ አዲስ ብድር ወረቀት ሲቀርብልን ሦስት ነገር ለመጠየቅ በዚህ በዓል ፊት ቃል እንገባለን፤ ለምን ነው? በምን ይመለሳል? ቀኑ ሲደርስ ስንት ዓመት ይሆነናል?

የመጨረሻውን ጥያቄ ማንም መጽሐፍ አላስተማረንም። ያስተማረን ከእኛ ጋር አንደኛ ክፍል የገባው ያ ቦንድ ነው።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፣ ለመምህራኖቻችን ጤና፣ ለአገራችን ሰላም እንመኛለን።